ባለሙያ ማን ነው?

በአማርኛችን «ባለሙያ» የሚለው ቃል በሁለት ቦታ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ይጠራል። በመሥሪያ ቤት ባለሙያ ሲባል ዲግሪ የያዘ፣ የሥራ መደብ የተሰጠው፣ ጥናት አጥንቶ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ማለት ነው። በሰፈር ግን «እገሊት እኮ ባለሙያ ናት» ሲባል ዲግሪዋን የሚጠይቅ የለም። ሊጧ የማይበላሽባት፣ ወጧ የማይቀጥንባት፣ እንግዳ ድንገት ቢመጣ ከጥቂት ሽሮ ብዙ ሰው የምታጠግብ ሴት ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ እናትና ልጅ ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ስለ አንድ ጉዳይ ለመመካከር ጎን ለጎን ተቀምጠው አይታዩም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ቃላት ለመመራመር አይደለም። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ምግብ ምን ይማራሉ፣ ከማንስ ይማራሉ የሚለው ጥያቄ ከሁለቱ ባለሙያዎች መራራቅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የአሠራር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀርጿል፣ መጽሐፉ ታትሟል፣ መምህሩ ተመድቧል፤ ታዲያ ሌላ ምን ቀረ? የሚል ይኖራል። እኔ ግን የሞራል ጥያቄ ነው እላለሁ። አንድን ልጅ ስለሚበላው ነገር ማስተማር ስለ እናቱ እጅ፣ ስለ አባቱ ኪስና ስለ ቤቱ ገበታ ፍርድ መስጠት ነውና። በሒሳብ ትምህርት መምህሩ ቢሳሳት ልጁ ፈተና ይወድቃል። በዚህኛው ትምህርት ቢሳሳት ግን ልጁ በቤቱ ያፍራል፣ አለዚያም ይታመማል።

በቅድሚያ የጉዳዩን ክብደት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ አኃዝ በ2016 ወደ 38 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ ወደ 37 በመቶ ዝቅ ብሏል። መውረዱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም 37 በመቶ ማለት ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። መቀንጨር የቁመት ማጠር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በቂ ምግብ ያላገኘ አእምሮ ኋላ ላይ በደብተር ብዛት አይካካስም። እነዚያ በዳሰሳው የተቆጠሩ ሕፃናት አድገው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ገሚሶቹም ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተባለው ሰነድ ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል የገባውም የነገሩን ክብደት ተረድቶ ነው።

«ችግሩ ድህነት ነው፤ ዕውቀት ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከባዶ ሆዱ ጋር ለመጣ ልጅ የገንቢ ምግብ ዓይነቶችን ዘርዝር ማለት ከስድብ አይተናነስም። ለብዙ ዓመታት በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ቅን መምህራን ይህን ምዕራፍ ሲደርሱ የሚሰማቸውን ኀፍረት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ወደ ኋላ ዞር ሲሉ ጠዋት ምንም ያልቀመሱ ዓይኖችን ማየት አለ። ያ መምህር ትምህርቱን በጥድፊያ አልፎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ቢሄድ አልፈርድበትም።

ነገር ግን ድህነት ብቻውን ነገሩን ሁሉ አያስረዳም። በዚያው በ2016 ዳሰሳ በሀብት ደረጃ ከላይ በተቀመጡት ቤተሰቦች ውስጥ እንኳ ከአራት ሕፃናት አንዱ ገደማ የቀነጨረ ነበር። ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛውን የአመጋገብ ደረጃ ያሟሉት ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 93 በመቶው ሁሉ በማጣት ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። በቤቱ ዶሮ እያለ እንቁላሉ ለገበያ ይወጣል፤ ጎመን በጓሮ እያለ «ለሕፃን አይሆንም» ይባላል። በከተማው የተሻለ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ለልጁ ምሳ ዕቃ ብስኩትና ቺፕስ ይሞላል፣ ለስላሳ ይጨምርበታል፣ ያንንም ፍቅር ነው ብሎ ያስባል።

ከዚህም በላይ ሁኔታው ተለውጧል። ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በስፋት ተጀምሯል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በትምህርት ቤታቸው ቁርስና ምሳ መብላት ጀመሩ። የሚያበስሉላቸውም በአብዛኛው የዚያው ሰፈር እናቶች ናቸው። ይህ ነገር በጋዜጣ የተዘገበው ስንት ልጅ በላ፣ ስንት እናት ሥራ አገኘች በሚል ነው። ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ተከስቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምግብ ትምህርቱና ምግቡ በአንድ ግቢ ውስጥ ተገናኝተዋል። በዚህ በኩል መምህሩ «ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» እያለ ያስጽፋል፤ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ አንዲት እናት ሦስቱንም በአንድ ድስት ታማስላለች። በሁለቱ መካከል ያለው ሃምሳ እርምጃ ግን እስካሁን አልተሻገረም። መምህሩ ወጥ ቤት አይገባም፣ እናቲቱም ወደ ክፍል አትጠራም።

እስቲ ይህቺ እናት ምን እንደምታውቅ እንጠይቅ። እንጀራን በሽሮ ወይም በምስር ማቅረብ ታውቃለች። የሥነ ምግብ ሊቃውንት እህል የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬ እንደሚሞላ፣ ሁለቱ አብረው ሲበሉ ለሰውነት ግንባታ ከየብቻቸው ይልቅ እንደሚጠቅሙ ያስረዳሉ። እርሷ ይህን በዚህ አነጋገር አትለውም፤ ለልጆቿ ደረቅ እንጀራ መስጠት ግን የነውር ያህል ነው። ሊጡን በእርሾ ለቀናት ማቡካት ታውቃለች። መብላላቱ በእህሉ ውስጥ ያለውን፣ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር እንደሚቀንስ ቤተ ሙከራ አረጋግጧል። ያልቦካ ሊጥ መጋገር ለእርሷ የስንፍና ምልክት ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች በተለያየ ቋንቋ አንድ ነገር እየተናገሩ ነው። የሚያስተረጉም ሰው ብቻ ጠፍቷል።

የቆጮ ነገር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። መርካቶና አካባቢዋ ያሉ ብዙ አንባቢዎቻችን የስልጤና የጉራጌ ተወላጆች ስለሆኑ ነገሩ አይጠፋቸውም። እንሰት በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው፤ ዝናብ ሲቀርም ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይቆማል። ይሁንና አንድ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ አስተማሪ ሠንጠረዡን ገልጦ ቆጮ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ አነስተኛ ነው። ነገር ግን ይህን በክፍል ውስጥ እንዲሁ ሲናገር ምሳ ዕቃው ውስጥ ቆጮ የያዘው ልጅ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ካልሆነ ብሎ እናቱን ያስቸግራል። አስተማሪው ሐሰት አልተናገረም። የተናገረው ግን ግማሹን ነው። ልጁን ግማሽ እውነት አስተምሮ ሙሉ ኀፍረት አሸክሞታል።

አንዲት የስልጤ አያት ወደዚያ ክፍል ብትጠራ ምን ትል ነበር? ቆጮ ብቻውን እንደማይበላ ትነግራቸው ነበር። ከጎመን ጋር፣ ከአይብ ጋር፣ አላህ የሰጠ ዕለት ከሥጋ ጋር እንደሚበላ፤ ጎመኑም አይቡም ለማጣፈጫ ያህል ብቻ የተጨመሩ እንዳልሆኑ ትነግራቸው ነበር። የሠንጠረዡ ሰው ጎደለ የሚለውን እርሷ ከሰባት ትውልድ በፊት አውቃ ሞልታዋለች። የሥነ ምግብ ባለሙያው ከጎኗ ቢቆም ደግሞ ልጆቹ ለምን እንደሚሞላ ይረዱ ነበር። ቤተሰቡ አይብ የሚገዛበት ሲያጣ በምን ይተካ የሚለውን አስቸኳይ ጥያቄም ያነሱ ነበር፤ ባቄላ ነው፣ አተር ነው፣ ምስር ነው ተብሎ ይመለስላቸው ነበር። ይህ ጥያቄ ከአያቲቱ ብቻ ወይም ከባለሙያው ብቻ አይወጣም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅልኝ ይገባል። እናቶቻችን ሁሉን ያውቃሉ፣ ሳይንስ ምን ያደርጋል የሚል ጽሑፍ አልጻፍኩም። እንዲህ ያለው አነጋገር ጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ግን ሰው ይጎዳል።

ጓያን እናስታውስ። ጓያ ድርቅ የሚችል፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚተርፍ ጥራጥሬ ነው። በውስጡ ግን ኦዳፕ የተባለ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ፤ ለወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉትን ሰዎች እግር ያሽመደምዳል። በወሎ ደላንታ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በኋላ በተከሰተው ወረርሽኝ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል። ይበልጥ የተጎዱትም ወጣት ወንዶች ነበሩ። በዱላ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው ተቆልምሞ የቀሩ ናቸው፤ ጉዳቱ የማይመለስ ነውና። የአካባቢው ሰው ጓያ እንደሚያሽመደምድ ያውቅ ነበር። በዚህ ዕውቀቱ ከማንም አያንስም። ነገር ግን ብዙዎች የሚያሽመደምደው እንፋሎቱ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ይሸሻሉ፣ በማሳው መካከል ከማለፍ ይጠነቀቃሉ። ከእንፋሎቱ ሸሽተው ንፍሮውን ይበሉታል። አደጋው መኖሩን ማወቅና አደጋው የት እንዳለ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ለጥያቄያችን ይበልጥ ይጠቅማል። አጥኚዎቹ መልሱን በቤተ ሙከራ ብቻ ተቀምጠው አላገኙትም። ወደ ቤተሰቡ ሄደው ጓያውን እንዴት ነው የምታዘጋጁት፣ ከምን ጋር ነው የምትበሉት ብለው ጠየቁ። በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት መልክ የበሉት ለአደጋው ይበልጥ መጋለጣቸው፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ደግሞ አደጋው የቀነሰላቸው መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ሊቁ ከወጥ ቤቷ እመቤት ጠይቆ ያገኘውን መልሶ ለእርሷው ነገራት። አንዱ ሌላውን ባይጠይቅ ኖሮ ሁለቱም የያዙት ዕውቀት ሽባ ሆኖ ይቀር ነበር።

ጨውም እንደዚሁ ነው። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በፊት አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ከኤርትራ ወደቦች ይመጣ ነበር። ጦርነቱ ያን መንገድ ሲዘጋው አገሪቱ ወደ አፋር ጨው ዞረች፤ እርሱም አዮዲን አልነበረበትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከአሥሩ አራቱ ገደማ የእንቅርት ምልክት ታይቶባቸዋል። የአዮዲን እጥረት አንገትን ብቻ ሳይሆን የማሰብ ችሎታንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ደንቡ ጨዉን እስከ ሱቅ ያደርሰዋል፤ ከሱቅ በኋላ ያለው መንገድ ግን የእናቲቱ ነው። ጨዉን ከፍታ ፀሐይ ላይ ካስቀመጠችው፣ ወይም ወጡ ገና ሲጣድ ጨምራ ለረጅም ሰዓት ካንተከተከችው የአዮዲኑ መጠን ይቀንሳል። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር የሚለው ምክር ቀላል ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ግን ይህን ምክር ለእናቲቱ ማን ይንገራት? የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ተሳስተሻል» ቢላት ትቆጣዋለች፤ ብትቆጣውም አይፈረድባትም።

ከሻይም እንዲሁ። ጤፋችን በብረት ማዕድን የታወቀ ነው ብለን እንኮራለን። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ሰውነታችን ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት እንዳይወስድ በእጅጉ ያግደዋል። የከተማው ልጅ ቁርስ ደግሞ ምንድን ነው? ሻይ በዳቦ! ሻዩን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት፣ ወይም ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ቲማቲም ማግኘት ልዩነት ያመጣል። ይህን እናቶቻችን አያውቁትም፤ ሊያውቁትም አይችሉም ነበር። የደም ማነስ በዓይን ታይቶ ከሻይ ብርጭቆ ጋር የሚያያዝ ነገር አይደለምና።

በእስልምና ታሪክ ይህን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካ ክስተት አለ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲና ሰዎች የተምር ዛፎችን ሲያዳቅሉ አይተው ያ ሥራ ይጠቅማል ብለው እንደማይገምቱ ተናገሩ። ሰዎቹም ተዉት፤ ምርቱ ግን ቀነሰ። ነገሩ ሲነገራቸው፣ በእንዲህ ዓይነቱ ዓለማዊ ጉዳያቸው ሰዎቹ ራሳቸው ይበልጥ እንደሚያውቁ አስረዷቸው። ከሰው ሁሉ በላይ የሚታመኑት መልእክተኛ የዛፍን ነገር ለዛፍ አዋቂ ከመለሱ፣ የእኛ አገር የቢሮ ባለሙያ የሊጥን ነገር ለሊጥ አዋቂ መመለስ ለምን ይከብደዋል? ነገር ግን ሐዲሱ ገበሬው በሁሉም ነገር አዋቂ ነው አላለም። በሚሠራውና ውጤቱን በዓይኑ በሚያየው ነገር ነው ያለው። የመዲና ሰው የምርቱን ማነስ በዚያው ወቅት ቆጥሮ ማየት ይችላል። የአዮዲን ማነስን ግን የትኛዋ እናት በምጣዷ ላይ ታየዋለች? ውጤቱ ቶሎ በማይታይበት ቦታ ቆጥሮና መዝኖ የሚከታተል ሌላ ዓዋቂ ያስፈልጋል። በሁለቱ ባለሙያዎች መካከል ያለው ድንበር፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ላይ ነው የሚሰመረው።

ስለ ማስተማሪያው መንገድም ቡኻሪና ሙስሊም ሁለቱም የዘገቡት አለ። ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ.) በነቢዩ ቤት ያደገ ልጅ ነበር። ሲበላ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ይንከራተት ነበርና የአላህን ስም ጠርቶ፣ በቀኝ እጁ፣ ከፊት ለፊቱ ካለው እንዲበላ ነገሩት። ልጁ አድጎም አበላሉ ያ እንደሆነ መስክሯል። ትምህርቱ የተሰጠው ከሳህኑ አጠገብ፣ እጁ ምግቡ ውስጥ እያለ፣ አብሮት በሚበላ ሰው ነው። ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም፤ ዕድሜ ልኩን ግን አልተረሳም።

አሁን ወደ አንድ የማይመች ጉዳይ ልግባ። ትምህርት ቤቶች ለውጭ ሰው በር ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው? እናቲቱ አይደለችም። ኮፍያና ቦርሳ ይዞ፣ ቀለም ያሸበረቀ ወረቀት ይዞ፣ «ስለ ጤናማ አመጋገብ ልናስተምር መጣን» የሚለው ድርጅት ነው። በወረቀቱ ጥግ ግን የሚሸጠው ዱቄት ወይም ጣፋጭ መጠጥ ምልክት አለ። ርዕሰ መምህሩ በጀት ስለሌለው ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ልጆቹም ኮፍያውን ይወዱታል። በዓለም ዙሪያ የታየ ነው፣ የእኛም ትምህርት ቤቶች አይቀርላቸውም። በፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ መርሕ አለ፤ ከምስክርነቱ ለራሱ ጥቅም የሚስብ ሰው ምስክርነቱ አይቀበልም። ሰውየው ሐሰተኛ ነው ተብሎ አይደለም፤ እውነትም ቢናገር ለመታመን በሚያበቃ ቦታ ላይ አልቆመም። ለአንድ የመሬት ክርክር የማንቀበለውን ምስክር ለሺህ ልጆች ሆድ ለምን እንቀበላለን? የጉሊቷ ሴትም እኮ ትሸጣለች የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ ጎመን ትሸጣለች። ነገር ግን የተበላሸ ጎመን ብትሸጥ ነገ ጠዋት የልጁ እናት እዚያው ጉሊት ላይ መጥታ ትይዛታለች። የኮፍያውን ሰው የት አግኝታ ትይዘዋለች?

ያለ ዕውቀት ሕክምና የሠራ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ የሚያስተምር ሐዲስ አለ። በልጅ ፊት ቆሞ ስለ ምግብ የሚናገር ሰውም ይህ ተጠያቂነት ሊሰማው ይገባል። ስለዚህ ባለሙያ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን፣ ቢሳሳት ማን ያገኘዋል፣ ለማን ይመልሳል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። የሰፈር እናት በዚህ መመዘኛ ሚዛን ትደፋለች፤ የራሷ ልጅ ከዚያው ድስት ይበላልና።

ይህን በሕግ ያሰፈሩ አገሮች አሉ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ቤተሰብ አራሾች ለሚገዛ ምርት እንዲውል አዘዘች። ምገባውን የሚመራ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲኖር፣ ወላጆች የሚቀመጡበት ምክር ቤትም ሒሳቡን እንዲቆጣጠር አደረገች። ልጁ የሚበላውን ባቄላ ያመረተው ገበሬ ስምና መንደር ያለው ሰው ሆነ። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ምግብ ትምህርት ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች፤ በዚያው ዓመትም የሥነ ምግብ መምህር የሚባል የሥራ መደብ ተጀመረ። ልጆቹ ምሳውን ራሳቸው ያቀርባሉ፣ ራሳቸው ያነሳሉ፤ ምሳ ሰዓትም እንደ ትምህርት ይቆጠራል። እኛ የጃፓን ገንዘብ የለንም። ነገር ግን የጎደለን ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አገራችን የራሷን የምግብ መመሪያ አውጥታለች፣ በጤፍና በሽሮ፣ በጎመንና በወተት የተቃኘ መመሪያ ነው። እኔ ግን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ያየሁት የምግብ ሥዕል አፕልና ብሮኮሊ ነበረበት። ጎመን አልነበረበትም። የብሮኮሊን ስም በቃሉ የሚያውቅና ቀምሶት የማያውቅ ልጅ እያሳደግን ነው።

ወደ አፈጻጸሙ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚፈራው ሥርዓት መበላሸቱን ነው። እናቶች የማስተማር ሥልጠና የላቸውም፣ ስድሳ ልጅ ያለበትን ክፍል እንዴት ይቆጣጠራሉ ይባላል። ክፍሉን የሚቆጣጠረው መምህሩ ነው፤ እርሱ ይቅር ያለ የለም። የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አለች። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሴቶች በአገሪቱ ሠልጥነው ተሠማርተዋል፤ የሳይንሱንም የሰፈሩንም ቋንቋ ይናገራሉ። ቀደም ብዬ የጠፋው የሚያስተረጉም ሰው ነው ያልኩት እርሷን ነው፤ ጠፍታ ሳይሆን ሳትጠራ ነው። ሌላም ፍርሃት አለ፤ እናቲቱ የተሳሳተ ነገር ብታስተምርስ? ታስተምር ይሆናል። ስለዚህ ነው ብቻዋን የማትገባው፤ ስለዚህም ነው ከመግባቷ በፊት ከሥነ ምግብ ባለሙያው ጋር አንድ ከሰዓት ተቀምጠው ሊነጋገሩ የሚገባው። በዚያ ንግግር የጨዉ ነገር ይነሳል፣ የሻዩም ይነሳል። እርሷ ከአንድ ልጅ አፍ ተሳስተሻል ተብላ ሳይሆን በእኩያ ወግ ተጠይቃና ጠይቃ ታውቀዋለች፤ በዕድሯም ታወራዋለች።

ስለ ክፍያም ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን ልማድ ባለ ዲግሪው ለአውደ ጥናት ሲጠራ አበል ይታሰብለታል፣ ሆቴል ይያዝለታል። እናቲቱ ስትጠራ ግን «በጎ ፈቃደኛ» ትባላለች። ለአንዱ ዕውቀት ዋጋ እየተከፈለ ለሌላው ምስጋና ብቻ ከተሰጠ ልጆቹ የማን ዕውቀት ዕውቀት እንደሆነ ከዚያው ይማራሉ፤ ሌላው የምንላቸው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው። አጋርነት የሚባለው ነገር በጀት ላይ ካልታየ በስብሰባ ላይ ብቻ የሚነገር ቃል ነው።

የራሳችን የሙስሊሙ ትምህርት ቤቶችና መድረሳዎች ጉዳይም አለ። በእነርሱ ይህን ለመጀመር የሚኒስቴር መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። በአብዛኞቹ የወላጆች ኮሚቴ አለ። በረመዳን ደግሞ ከትልልቆቹ ልጆች ብዙዎቹ ይጾማሉ፤ በኢፍጣር ሰዓት ሳምቡሳውና ለስላሳው ይቀርባል፣ ለሱሑር ምን ቢበሉ ቀኑን እንደሚችሉት ግን የሚያስተምራቸው የለም። ለሱሑር ገንፎ የምታገነፋ እናት ለምን እንደምታገነፋ ብትጠየቅ የሚያቆየውን ምግብ ከማያቆየው ለይታ ትናገራለች። የሕክምና ባለሙያው በበኩሉ ለምን እንደሚያቆይ ይጨምርበታል።

መስከረም ላይ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ አጀንዳው የክፍያ ጭማሪና የደንብ ልብስ ነው። ሁለት ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ባለፈው ዓመት ስለ ምግብ ሊያስተምሩ ወደ ግቢው የገቡት ድርጅቶች እነማን ነበሩ፣ ምንስ ይሸጣሉ? ሁለተኛው፣ ወጥ ቤት ያለችው እናት በወር አንድ ክፍለ ጊዜ ክፍል ብትገባ የሰዓቷ ክፍያ ከየትኛው ሒሳብ ይወጣል?